ስለ ድርቅ የተጻፈን ጽሑፍ ከዝናብ አገር ሆኖ ማንበብ

ጅማ ቁጭ ብሎ ስለ ድርቅ ማንበብ ያስቸግራል። እውነቴን ነው። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሲመላለስ ይከርማል፣ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይጥላል። የእኛ ጭንቀት ጭቃውና አልደርቅ ያለ ቡና ነው። በቀደም የእህቴን ልጅ ለፈተና ሳስጠና ስለ አንድ የወሎ ገበሬ ቤተሰብ የሚያወራ ምንባብ ገጠመን። ጥያቄው «ቤተሰቡ ለምን ተቸገረ?» ይላል። ልጁ ሳያመነታ «ዝናብ ስለጠፋ» ብሎ ዘጋው። አልተሳሳተም። ግን የምንባቡ ግማሽ አምልጦታል። እስቲ እኔ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን እንዴት እንደማነብ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ወሩን ፈልጉ። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው፣ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም። «በልጉ ቀረ» የምትለው ቃል ለእኛ ቀላል ናት። ለበልግ አብቃዩ የወሎ ደጋ ግን ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚታጨድ ነገር የለም ማለት ነው። ለቆላው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ማሽላ ለመድረስ ብዙ ወር ስለሚፈልግ ሚያዝያ አካባቢ ካልተዘራ አይሆንም። ስለዚህ «ማሽላውን ትተን ጤፍ ዘራን» የሚል ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ሰውየው የመረጠ ይመስላል እንጂ አልመረጠም፤ የበልጉ ዝናብ አምልጦት በቀረችው ቶሎ የሚደርስ ነገር እየሞከረ ነው። ማሽላው ሲቀር አገዳውም አብሮ ይቀራል፣ አገዳ ደግሞ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የከብት መኖ ነው።

ዓመቱንም እዩ። አንዱ ጽሑፍ 1977 ይላል፣ ሌላው 1984። ሁለቱም ስለዚያው ረሃብ ነው የሚያወሩት፣ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር። ተማሪ ሁለት የተለያየ ረሃብ አድርጎ ሲጽፍ አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታነቡ ምን ተሸጠ፣ በምን ቅደም ተከተል ተሸጠ የሚለውን ተከተሉ። ለልምምድ ይቺን ራሴ ጻፍኳት፦

«በልጉ ከቀረ ወዲህ ሁለት ፍየል ሸጠናል። ባለቤቴ ቡና ለቀማ ብሎ ወደ ጅማ ወርዷል። በሬያችንን ግን እስካሁን አልነካነውም።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ፍየሎቹ ቀድመው የሄዱት ለዚህ ቀን የተቀመጡ ስለሆኑ ነው፤ ፍየል የገበሬ የቁጠባ ደብተር ነች በሉት። ባልየው ቡና ለቀማ ከሄደ ጊዜው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ቤቱ በመኸር ሰሞን ጎልማሳ ወንድ የለውም ማለት ነው፣ ምናልባትም የሚታጨድ ነገር ስለሌለ ነው የሄደው። እነዚህን ለቃሚዎች እኛ በየዓመቱ እናያቸዋለን፣ ከየት እንደመጡ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል? ከሁሉ በላይ ግን «ግን» የምትለዋን ቃል ያዙ። ሴትዮዋ በሬውን አልነካነውም ስትል ገና አልወደቅንም ማለቷ ነው። በሬው ከተሸጠ የሚመጣው ዓመት እርሻም አብሮ ተሸጠ። ያኔ ወይ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ፣ ማለትም በሬን ከበሬ አጣምሮ በተራ ማረስ፣ ያስፈልጋል፣ እሱም የቀረች አንዲት በሬ ካለች ነው፣ ወይ መሬቱን ለእኩል መስጠት ነው፤ ለእኩል ከሰጡት ደግሞ ዝናቡ ቢመለስም ከምርቱ ግማሹ የሰው ነው። «እስካሁን» የምትለዋም ትንሽ ቃል አይደለችም።

ጥሪት የሚባለው ይሄ ሁሉ ነው። ጽሑፉ «ጥሪታቸውን አሟጠጡ» ካለ ነገሩ ጫፍ ደርሷል።

ዋጋ ሲጠቀስ በብር አታስቡት። በጓን በስንት ሸጠች ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፣ በዚያ ብር ስንት ኪሎ በቆሎ ገዛች በሉ። ሐሙስ ሕርማታ ገበያ የወጣ ሰው ይሄን ለማስላት አይቸገርም። በድርቅ ጊዜ ሁሉም ሰው ከብቱን ይዞ ገበያ ይወጣል፣ ከብቱ ከስቷል፣ ገዢ የለም፣ ዋጋው ይወድቃል። እህሉ ደግሞ በዚያው ሳምንት ይወደዳል። ገበሬው ከሁለቱም በኩል ይመታል። የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸላሚው አማርትያ ሴን ስለ 1965ቱ የወሎ ረሃብ ያለውም ከዚህ አይርቅም፤ በአገሪቱ እህል ስለጠፋ ሳይሆን ሰዉ የሚገዛበት ስላጣ ነው የተራበው።

እርዳታም ሲጠቀስ አስሉት። የተለመደው ቀለብ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። በቀን ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፣ ለስድስት ሰው ቤት 90 ኪሎ፤ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ከዚያ ላይ የወፍጮ አለ። ጽሑፉ «እርዳታ ደረሰ» ሲል ችግሩ ያበቃ እንዳይመስላችሁ። «በሴፍቲኔት የታቀፈ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይሄ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፣ በየዓመቱ ለሚቸገረው ቤተሰብ ነው፣ መሥራት የሚችለው የእርከንና የመንገድ ሥራ ሠርቶ ብር ወይም እህል ይወስዳል።

ድርቅና ረሃብን ለዩ። ድርቅ የሰማይ ነው፣ ረሃብ ግን የሰውም እጅ አለበት። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር፤ ቢሆንም እንደ 1977 አልሆነም። በ1977 ጦርነት ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ መንግሥትም ነገሩን ደብቆ ቆይቶ ነበር። ዝናቡን ብቻ የሚከስ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ሌላውን ምን አደረገው ብላችሁ ጠርጥሩ። ደግሞ ድርቅ ማለት የተሰነጠቀ መሬት ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ወላይታ አካባቢ «አረንጓዴ ረሃብ» የተባለው መስኩ ለምልሞ ጎተራው ባዶ የሆነበት ነው። ይሄኛው ለእኛ ለጅማዎች ቢገባን ጥሩ ነው።

ዝናብ መጣ ሲባልም ታሪኩ አለቀ ብላችሁ መጽሐፉን አትክደኑት። የከሳ ከብት የመጀመሪያው ዝናብ ሲያገኘው ብርዱን አይችለውም፣ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚያልቀው። እህሉ ለመድረስ ወራት አለው። ከባዱ ጊዜ ከሰኔ እሸት እስኪደርስ ነው፣ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ሆድ ባዶ የሚሆንበት።

ምንባቡን በኋላ ለጎረቤታችን ለእማማ አነበብኩላቸው። በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ ሕፃን ታቅፈው የመጡ ናቸው፣ ያኔ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ቡና እያፈሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ጀበናውን አስቀመጡና «ዘሩንስ?» አሉኝ።

«የምን ዘር እማማ?»

«ዘሩን በልተውታል ወይስ አስቀምጠውታል? እሱን አይልም እንዴ?»

ልጁ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ከላይ እስከ ታች ፈለገ። አይልም። ከጥያቄዎቹም ውስጥ የለም።