ሰኔ 20 በጣና ዳር፦ ለባዛር የሚወጣ ነጋዴ ምን ይያዝ?

ሰኔ 20 የጥቃቅን፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዕለቱን የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለባሕር ዳር ነጋዴ ቀኑ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፦ ዝናብና ጾመ ሐዋርያት። ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክሎ ለመሸጥ ያሰበ ሰው እነዚህን ሁለቱን አስቀድሞ ካላሰበባቸው ዕቃው ቢያምርም አይጠቀምም።

ከድንኳኑ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። 3 በ3 ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ድንኳን ነፋስ ሲገባበት እንደ ጃንጥላ ይነሣል። አስፋልት ወይም ንጣፍ ድንጋይ ላይ ካስማ ስለማይመታ፣ በአራቱም እግር ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልታችሁ እሰሩ። ይህ በአንድ እግር 20 ኪሎ ገደማ ክብደት ይሰጣል። ገመዱ ከላይኛው ማዕዘን ይነሣ፤ ከእግሩ ግርጌ ብቻ ከታሰረ ነፋሱ ጣሪያውን ያጣምመዋል። ከተማዋ በጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች ቀን ቀን የሐይቁ ነፋስ ከሰሜን ይመጣል። ስለዚህ የድንኳኑን ጀርባ ወደ ሐይቁ አዙሩና በሸራ ዝጉት፤ ፊቱ ለመንገደኛው ይሁን።

የሰኔ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ ነው፤ ብርቱ ነፋስም ይቀድመዋል። ነፋሱ ሲነሣ ደንበኛ ፊታችሁ ቢኖርም ዕቃ መሸፈን ጀምሩ። ውኃ ጣሪያው ላይ ተኝቶ ከቆየ ሸራውን እየለጠጠ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ብረቱን ያጎብጠዋል። የኋላ ሁለቱን እግሮች በአንድ ቀዳዳ ዝቅ ካደረጋችሁ ውኃው ወደ ኋላ ይወርዳል። ታዲያ ከኋላ ምንም ዕቃ አይቀመጥ። የተጠራቀመ ካለ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከውስጥ ቀስ ብላችሁ ግፉት።

ምንም ነገር መሬት አይንካ። ሁለት ሁለት ብሎኬት ደርድሮ ጣውላ ማጋደም ይበቃል። በተለይ የደንገል ሥራ፣ ትንንሾቹ የታንኳ ቅርጾችም ሆኑ ሌላው፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ይጠቁራልም። የስንት ቀን የእጅ ሥራ በግማሽ ሰዓት ዝናብ ሲበላሽ ማየት ያማል። ጋቢና ነጠላ የምትሸጡ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ዘርጉ፤ ሌላው በላስቲክ ይቆይ። ነጠላ የሚገዙ እናት መጀመሪያ ጥለቱን በሁለት ጣት ይዘው ይገለብጡታል፣ የጀርባውን ክር ያያሉ። ስለዚህ የተዘረጋው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከፍ አድርጎ መስቀል ለፎቶ እንጂ ለሽያጭ አይረዳም። በርበሬና ሽሮ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ሆኖ ታሽጎ ይምጣ፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል።

ምግብ የምትሸጡ፣ ገበያችሁ ጾም ላይ ነው። ቅቤ የነካው መጥበሻና ማንኪያ ለጾም ምግብ አይዋል፤ የሚጾም ሰው ይህን አይቶ ከሄደ አይመለስም። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ዘይቱንም መጥበሻውንም ለብቻው ለዩ። ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ጥሬውን የሚያመጣ ሰው ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ በረዶ ያሰላ፤ ሣጥኑም ከታች ማፍሰሻ ይኑረው። በቀለጠ ውኃ ውስጥ የተኛ ዓሣ ሥጋው ይላላል። ከሰል ከሸራው ውጭ ይሁን፤ አጠገቡ አንድ ባልዲ አሸዋ ይቀመጥ።

ዋጋ ስትቆርጡ የጥሬ ዕቃውንና የጉልበታችሁን ብቻ አትቁጠሩ። ለምሳሌ የቦታ፣ የድንኳን፣ የባጃጅና የምሳ ወጪ ተደምሮ 3,000 ብር ከሆነና ከአንድ ዕቃ 100 ብር የሚተርፋችሁ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ 30 ዕቃዎች ወጪውን ብቻ ይሸፍናሉ። 25 ይዞ የወጣ ሁሉንም ቢሸጥም ከስሯል። ይህን ከቤት ሳትወጡ አስሉት። ዋጋውን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ብዙ ሰው ለመጠየቅ አፍሮ ያልፋል። ዋጋው በ50 እና በ100 የሚዘጋ ቢሆን ዝርዝር ፍለጋ አያንከራትትም። ለመነሻ 10 ባለ100፣ 14 ባለ50 እና 30 ባለ10 ብር፣ በድምሩ 2,000 ብር ያዙ። ባንክ ቤት ዕለቱን ዝርዝር ላይገኝ ስለሚችል ከሁለት ቀን በፊት አዘጋጁ።

በቴሌብር ሲከፈል የደንበኛውን ስክሪን አይታችሁ ዕቃ አትስጡ፤ የተቀነባበረ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ከ127 የሚመጣው መልእክት በራሳችሁ ስልክ ይድረስ። ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ይዘገያል፤ ያኔ ደንበኛውን በትሕትና «ትንሽ ይጠብቁኝ» ብሎ ማስቀመጥ እንጂ ማመናጨቅ አይገባም። ስልኩ ራሱ በላስቲክ ይጠቅለል፣ ፓወር ባንክም አይረሳ።

የባዛር ዋና ትርፍ ግን የዕለቱ ሽያጭ ሳይሆን በኋላ የሚደውለው ሰው ነው። መስመር የተሰመረበት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፦ ስም፣ ስልክ፣ ምን እንደፈለገ፣ መቼ እንደሚፈልገው። «ሌላ ቀለም አላችሁ?» ያለውን ሰው ሳትመዘግቡ አትልቀቁት። በሦስት ቀን ውስጥ ደውሉለት፤ ከሳምንት በኋላ ማን እንደሆናችሁም አያስታውስም።

ባዛሩ ሁለት ቀን ከሆነ ማግሥቱ ሰኔ 21 ማርያም ናት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰውን ሰው ለማግኘት ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ድንኳኑ ተከፍቶ ይጠብቅ። ሲያልቅ ሸራውን እርጥብ እንደሆነ አጥፋችሁ አታስቀምጡ። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ በተለይ የስፌቱን መስመር በእጅ እየዳሰሳችሁ፤ ሻጋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።