ለክረምት ማስጠኛ ብሩ ከየት ይምጣ?

አዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ ወይ ቱሉ ዲምቱ ከሆናችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ይዘጋል። አቅም ያለው ልጁን የክረምት ኮርስ ያስመዘግባል፣ የቀን ሠራተኛዋና የጉሊቷ እናት ልጅ ግን ታናሹን አዝሎ ሰፈር ሲዞር ይውላል።

ለነዚህ ልጆች ማስጠኛ ልትከፍቱ ካሰባችሁ "ትንሽ እናስከፍል" የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ተዉት። 50 ብርም ብትሉ የሚቀረው ያው የፈለጋችሁት ልጅ ነው።

ቤት አትከራዩ። ክረምት ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍሎች ባዶ ናቸው፤ ርዕሰ መምህሩንና ወተመህን (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱን) አናግሩ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ኮሚናል (የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት) አለ። ለማስተማር ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት በኩል በወረዳው ጠይቁ። የታክሲያቸውን ግን ቻሉ፣ አለዚያ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አታገኟቸውም። አፋን ኦሮሞ የሚችል አስጠኚም አይጥፋ።

ትልቁ ወጪ ምሳ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትምህርት ቤቱ ምገባም አብሮ ይቆማል፣ የራበው ልጅ ደግሞ ክፍልፋይ አይገባውም። 40 ልጅ በሳምንት 4 ቀን ለ6 ሳምንት ቢመጣ 960 ምሳ ነው። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ዕድር ስትሄዱ "እርዱን" አትበሉ፤ "የአንድ ሳምንት 160 ምሳ ቻሉልን" በሉ። ዱቄት፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ዳቦ፣ በዓይነት የሚሰጥ ሰው ብር ከሚሰጠው ይበዛል። ወፍጮ ቤቱንም አትርሱ። ሽሮና ምስር ላይ ብትወሰኑ ፍልሰታም ሲገባ አትቸገሩም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚያስቀድሱ ልጆች ስለሚኖሩ ሰዓቱን አስተካክሉ።

ከድርጅት የምትጠይቁ ከሆነ ደብዳቤው ግንቦት ላይ ይግባ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያልቃል፣ ብዙ ድርጅትም ሂሳቡን የሚዘጋው ያኔ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ብትሄዱ "በጀት ገና አልጸደቀም" ትባላላችሁ። ለአንድ ክረምት ብላችሁ ደግሞ አዲስ ማኅበር ለማቋቋም አትድከሙ፤ ቀድሞ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተዋዋሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለአስተዳደር የሚወጣውን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳያልፍ ስለሚወስን ከብራችሁ ስንቱን ለቢሮው እንደሚያስቀር ቀድማችሁ ጠይቁ።

ልጆቹን እናንተ አትምረጡ፤ ዘመድ አዝማድ ይሞላዋል (አይሞላም የሚል ካለ ሰፈሩን አያውቅም)። የዕድር ሴቶችና የጤና ኤክስቴንሽኗ የማን ቤት እሳት እንደማይነድ ያውቃሉ። ታናሽ የምትጠብቅ ልጅ ታናሿን ይዛ ትምጣ፣ ለዚያ አንዲት ሞግዚት በጀት ውስጥ አስገቡ።

ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ ገቢና ወጪው በየሳምንቱ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ጉሊት ደረሰኝ የለም፤ ሽንኩርቱን የገዛው ሰው ዋጋውን በደብተር ጽፎ አንድ ምስክር ያስፈርም።