የጥይት ካዝና ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

በራሱ በሚያጎርስ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ላይ ጥይት አልጎርስ ሲል፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በካዝናው ውስጥ ነው። ካዝና አካሉን፣ ሞላውን፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሣውን ገፊ እና የታች ክዳኑን ብቻ የያዘ ቀላል ዕቃ ቢሆንም፣ እያንዳንዱን ጥይት በትክክለኛው ከፍታና አቅጣጫ፣ መዝጊያው (ጥይቱን ገፍቶ ወደ መጉረሻው የሚያስገባው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደፊት ከመድረሱ በፊት ማቅረብ አለበት። የመያዝ አቅሙ በሕግ እንዲወሰን መገደቢያ የገባበት ካዝና ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ክፍል አለው፤ የጥገናው ሥራም ያንን ክፍል ሳይነካ መከናወን ይኖርበታል።

ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ካዝናው ከመሣሪያው ይወጣል፣ መዝጊያው ተስቦ የጥይት መጉረሻው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፣ እውነተኛ ጥይትም ከሥራ ጠረጴዛው ይርቃል። በቤት ውስጥ የሚደረገው ሙከራ ሁሉ ባሩድና ካፕሱል (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) በሌለው የልምምድ ጥይት ብቻ መሆን አለበት።

ጥፋቱ የካዝናው ነው ወይስ የመሣሪያው?

ይህን ለመለየት ካዝናዎቹን ቁጥር መስጠትና ማፈራረቅ ይበቃል። ችግሩ አንዱን ካዝና እየተከተለ ከሄደ ጥፋቱ የዚያ ካዝና ነው፤ በሁሉም ካዝናዎች ላይ እኩል ከታየ ግን ቀለህ ሳቢውን (ቀለሁን ከመጉረሻው ስቦ የሚያወጣውን ክፍል)፣ የካዝና መያዣውን ወይም ጥይቱን ራሱን መመርመር ይገባል። ቁጥሩን በታች ክዳኑ ላይ በማይለቅ ቀለም መጻፍና ችግር ባጋጠመ ቁጥር መመዝገብ፣ ከማንኛውም የጥገና መሣሪያ በላይ የሚረዳ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አረሩ ወደ ታች አዘንብሎ ይቀረቀራል፣ ወይም መዝጊያው ጥይቱን አልፎት ይሄዳል

ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ምልክት ሲሆን ትርጉሙም ጥይቱ በጊዜው ወደ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። አንደኛው መንስኤ ቆሻሻ ነው፤ የባሩድ ጥቀርሻና አሸዋ በአካሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ገፊውን ያዘገየዋል። ሁለተኛው የሞላ መድከም ነው፤ የመጨረሻዎቹ ጥይቶች ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ በተለይ ሞላው ይጠረጠራል፣ ምክንያቱም ካዝናው ሲራቆት ሞላው በጣም ተዘርግቶ ግፊቱ ዝቅተኛ የሚሆነው በዚያን ጊዜ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከጽዳት በኋላ የሚመጣ ሲሆን፣ ሞላው ፊትና ኋላው ተገላብጦ በመግባቱ ገፊው እንዲያዘነብል ያደርጋል፤ ስለዚህ ካዝናው ከመፈታቱ በፊት የሞላውን አቀማመጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ይጠቅማል።

መፍትሄው በቅደም ተከተል ማጽዳት፣ አቀማመጡን ማስተካከል፣ ካልተሻለም ሞላውን ለዚያው ሞዴል በተሠራ አዲስ ሞላ መተካት ነው። የደከመ ሞላን በእጅ ስቦ ማስረዘም ለጥቂት ጊዜ የሚሠራ ቢመስልም ብረቱን ያዛባዋል፤ አይመከርም። ካዝናን ሞልቶ ማስቀመጥ ሞላውን ይገድላል የሚለው አስተሳሰብም በሰፊው ቢነገርም፣ በደንብ የተሠራ ሞላ ከተለካለት ገደብ ሳያልፍ ታምቆ በመቀመጡ ብቻ የሚደክመው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚያደክመው በተደጋጋሚ መታመቅና መለቀቁ ነው።

ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ይወጣል

ጥይቱን ከላይ ይዘው የሚያቆዩት ሁለቱ ጠርዞች ሲከፈቱ ጥይቱ ቀድሞ ይለቀቃል። ይህ በመውደቅ ይመጣል፤ በፕላስቲክ ካዝና ላይ ደግሞ በሙቀት ውስጥ ለረዥም ጊዜ ተሞልቶ ከመቀመጥ ሊመጣ ይችላል። ጠርዞቹን በትክክል ከሚሠራ ተመሳሳይ ካዝና ጋር በካሊፐር ማነጻጸር ልዩነቱን ያሳያል። የብረት ጠርዝን በፒንሳ መልሶ ማጠፍ የሚሞክሩ አሉ፤ ነገር ግን በጥቂቱ የተሳሳተ ማጠፍ አዲስ ችግር ስለሚፈጥር፣ የተሰነጠቀ ወይም የተከፈተ ጠርዝ ያለውን ካዝና ከአገልግሎት ማውጣት ይሻላል።

የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ መዝጊያው ወደ ኋላ አይቆምም

የደከመ ሞላ ወይም የተበላ ገፊ ይህን ያስከትላል፤ ይሁን እንጂ የተኳሹ አውራ ጣት ማቆሚያውን ተጭኖት እንዳልነበር አስቀድሞ መጣራት አለበት።

በመገደቢያው ዙሪያ የሚነሡ ችግሮች

የአቅም ገደብ ከአገር አገር ይለያያል። በካናዳ ለአብዛኞቹ በራሳቸው የሚያጎርሱ ማዕከላዊ ካፕሱል ጥይት (ካፕሱሉ በቀለሁ ግርጌ መሃል ያለበት ጥይት) ተኳሽ ጠመንጃዎች 5፣ ለሽጉጥ ደግሞ 10 ጥይት ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ያሻሻለው መመሪያ ደግሞ በራሳቸው ለሚያጎርሱ የዚሁ ዓይነት ጥይት ተኳሽ መሣሪያዎች ለረዥሞቹ 10ን፣ ለአጫጭሮቹ 20ን መለያ አድርጎ አስቀምጧል። ባለቤቱ በሚኖርበት ቦታ የሚሠራውን ቁጥር ከሕጉ ጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል።

የተፈቀደውን ቁጥር የሞላ ካዝና፣ መዝጊያው ተዘግቶ ሳለ ጠቅ ብሎ አልገባ የሚልበት ጊዜ አለ። ካዝናው ሲገባ የላይኛው ጥይት ከመዝጊያው በታች ተጭኖ ትንሽ ዝቅ ማለት ስላለበት፣ መገደቢያው ከፍ ብሎ ሞላው የሚታመቅበት ቦታ ካላገኘ ጥይቱ ይገትራል። ቀላሉ መፍትሄ አንድ ጥይት አጉድሎ መሙላት ነው። መገደቢያውን መሞረድ፣ ማሳጠር ወይም አውጥቶ በሌላ መተካት ግን መፍትሄ አይደለም፤ በጥቂት ሚሊሜትር ምክንያት ካዝናው ከሕግ ውጭ ሊሆንና ባለቤቱን ለወንጀል ክስ ሊዳርገው ይችላል። እንዲህ ያለው ካዝና ለአምራቹ ይመለሳል ወይም ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ይሰጣል።

ተቃራኒው ይበልጥ ያሳስባል፦ በልምምድ ጥይት ሲቆጠር ካዝናው ከተፈቀደው አንድ እንኳ በልጦ ከያዘ፣ መገደቢያው ተሰብሯል ወይም የያዘው ፒን ላልቷል ማለት ነው። ያ ካዝና ወዲያውኑ ከአገልግሎት ይወጣል እንጂ እስከሚቀጥለው ጽዳት አይቆይም። ይህን ቆጠራ በየጽዳቱ ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ጽዳት

ክዳኑ በፋብሪካ እንዲፈታ የተሠራ ከሆነ፣ የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ ሞላው እንዳይፈናጠር በአውራ ጣት እየከለሉ መፍታት ይቻላል። ክዳኑ በፒን ወይም በሪቬት በቋሚነት የተዘጋ ከሆነ ግን አይፈታም፤ መፍታቱ ራሱ ገደቡን ማፍረስ ሊሆን ስለሚችል፣ ገፊውን ከላይ በእንጨት ዘንግ ዝቅ አድርጎ በደረቅ ብሩሽና በታመቀ አየር ማጽዳት ይበቃል። ውስጡ ዘይት አይቀባም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ካፕሱሉ ከሰረገም ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ዝገት የሚያሰጋው የብረት ካዝና በጥቂት ዘይት በነካ ጨርቅ ታብሶ፣ ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። የተገጣጠመው ካዝና ገፊው ሳይንገታገት እስከ ላይ መመለሱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የመጨረሻው ሙከራ በተፈቀደ የመተኮሻ ሥፍራ ይደረጋል።