የቢላ እጀታ ሲላቀቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጠው፣ በወይራ ወይም በበሬ ቀንድ እጀታ ተለብጠው፣ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) እና በናስ ሚስማር የታሰሩ ቢላዎች ድሬዳዋ ውስጥ ለጥገና ሲመጡ፣ አብዛኞቹ ችግራቸው የእጀታ መላቀቅ ነው። ሌሎቹን ብልሽቶች በአጭሩ ልለፋቸው። ሞረድ በቀላሉ የሚበላው ስለት በሚገባ አልጠነከረም፤ ማግኔት መሳብ ከሚያቆምበት ሙቀት ጥቂት አልፎ ግሎ ሞቅ ባለ ዘይት እንደገና ይነከር። የሚሸራረፍ ስለት ደግሞ ከተነከረ በኋላ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሁለት ሰዓት ሞቆ መለዘብ ነበረበት። ሲነከር የተሰነጠቀ ብረት አይጠገንም፤ ይጣል።

እጀታው ሲላቀቅ በመጀመሪያ ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ይታያል፣ ቀጥሎም ቢላው ሲጨበጥ ይንቀጫቀጫል። እባክዎ ክፍተቱ ውስጥ ሱፐር ግሉ አያፍስሱ። ውሃውንና ስቡን ከውስጥ ስለሚዘጋበት ብረቱ ተደብቆ ይዝጋል፤ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ቢላ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የጤና ጉዳይ ነው።

ሚስማሩን ሞርደው እጀታውን ከፈቱ በኋላ ማጣበቂያው በየትኛው በኩል እንደቀረ ይመልከቱ። እንጨቱ ላይ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ከቀረና ብረቱ ባዶ ከሆነ፣ ብረቱ ከመጣበቁ በፊት እስኪያብረቀርቅ ተወልውሎ ወይም ቅባት ነክቶት ነበር፤ በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቅባት በሚያሟሟው በአሴቶን ይጽዳ፣ ከዚያ በኋላም ጣት አይንካው። በሁለቱም በኩል ስስ ሆኖ ከታየ እጀታው ሲጣበቅ ያሰረው ሞርሳ ከልክ በላይ ተጠብቆ ማጣበቂያው ተጨምቆ ወጥቷል።

ማጣበቂያው ብረቱ ላይ የእንጨት ጭረት ይዞ ከቀረ ግን ጥፋቱ የእንጨቱ እርጥበት ነው፤ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝም ይኸው ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ሐረር ላይ የደረቀ የሚመስል ወይራ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የቆላውን ሙቀት ሲያገኝ በወርዱ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አይከተለውም። በክረምት ሐረር ተሠርተው ለአንድ ሥጋ ቤት የመጡ ቢላዎች በኅዳር ሁሉም ተመልሰው ነበር፤ እጀታቸው ላይ ጣት ሲያልፍ ብረቱ ከእንጨቱ በላይ ጎልቶ ይሰማ ነበር። ሠሪው በችኮላ እርጥብ እንጨት መለበጡ የሚያሳዝን ነው፤ የብረቱ ሥራ እጅግ የተዋጣ ነበርና። የእነዚያ እንጨት ከእንግዲህ ስለደረቀ፣ ፊቱ ተስተካክሎ እንደገና ይጣበቃል፣ ጎልቶ የቀረውም ብረት ይሞረዳል።

አዲስ እንጨት ሲሆን በልኩ ተሰንጥቆ፣ ጫፎቹ በሰም ተቀብተው፣ ቢላው በሚውልበት ከተማ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ እየተመዘነ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አይነካ። ፀሐይ ላይ ወይም ምጣድ አጠገብ ማድረቅ ይሰነጥቀዋል። በሙቀት የተዘረጋ ቀንድ በሞርሳ እንደታሰረ ካልቀዘቀዘ ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ይመለሳል።

በአምስት ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ለቢላ አይጠቀሙ። ብዙዎቹ የኢፖክሲ ዓይነቶች ከ60 ዲግሪ በላይ መለስለስ ስለሚጀምሩ፣ ቢላውን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከሰል ምድጃ ዳር አይተዉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም ማንኛውንም እጀታ ያበላሻል። ቀስ ብሎ የሚደርቀው ኢፖክሲ 24 ሰዓት ሳይሞላው የሚስማሩ ራስ አይቀጥቀጥ፤ ሲቀጠቀጥም በትንሽ መዶሻ በቀስታ ይሁን፣ ቀንድ በአንድ ከባድ ምት ከሚስማሩ ቀዳዳ ጀምሮ ይተረተራልና።