የዲኤስ-160 ፎቶ አልጫን ሲል

ለአጭር የአሜሪካ ጉብኝት ዲኤስ-160 የተባለው የኢንተርኔት የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሲሞላ፣ ፎቶው ላይ ሲደረስ ቅጹ ደጋግሞ አልቀበልም ይላል። ሦስት ቀን የፈጀ ነገር ስለሆነ ሌላው እንዳይደክምበት ልጻፈው።

መጀመሪያ የፎቶ ቤት ጉርድ ፎቶ ስካን ተደረገ፤ ቁመቱና ወርዱ እኩል ስላልሆነ አላለፈም። ቀጥሎ በቴሌግራም ተልኮ ወረደ። ፋይሉ አነሰ፣ ቅርጹ ግን ያው ረጅም ነው። በአይፎን የተነሳው ደግሞ ጭራሽ ቅጹ የሚቀበለው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ ጄፔግ (JPEG)፣ አልነበረም፤ አይፎን የሚጠቀምበት ኤችኢአይሲ (HEIC) ነው።

የሠራው ይኸኛው ነው፦ ነጭ ግድግዳ ፊት፣ ያለ መነጽር፣ ጥላ እንዳያርፍ ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ አዲስ ፎቶ መነሳት። ከዚያ በስልኩ ማስተካከያ 1 ለ 1 መቁረጥ፤ ከአገጭ እስከ ራስ አናት፣ ፀጉሩን ጨምሮ፣ ያለው ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ ይያዝ። ወደ 600 በ600 ፒክስል አሳንሶ በጄፔግ ማስቀመጥ። ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት አይብለጥ። ወዲያው አለፈ።

አደራ፣ ፎቶውን ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት አዘጋጁ። ገጹ 20 ደቂቃ ካልተነካ ይዘጋል፤ በኤኤ (AA) የሚጀምረውን የማመልከቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ካልያዛችሁ የሞላችሁትን መልሶ ማግኘት ይከብዳል።