ጉልበት ተጠምዝዞ ሲያብጥ፦ የካርቲሌጅ መቀደድ በምርመራ እንዴት ይለያል?

የአንኮበርን ቁልቁለት ሲወርዱ ወይም ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ፣ እግር መሬት እንደያዘ ገላ ከዞረ፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያሉት ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት ካርቲሌጆች (አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ እንደ ትራስ የሚያገለግሉ) ሊቀደዱ ይችላሉ። አገሬው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ስብራት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ግን ጉልበቱ አይታሽ፤ አልዘረጋ ያለውንማ ማንም ጎትቶ እንዳያቃናው።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ በመጀመሪያ እንዴት እንደዞረና መቼ እንዳበጠ ይናገሩ። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ጉልበት ብዙ ጊዜ ደም ቋጥሯል፤ የጅማት መበጠስ ወይም ስብራት ያስጠረጥራል። እስከ ማግስቱ ቀስ እያለ የሚያብጠው ወደ ሜኒስከስ ያደላል። ደረጃ ሲወርዱ የሚከዳዎት፣ ቁጢጥ ሲሉ የሚወጋዎት ወይም ታጥፎ ተይዞ የሚቀር ከሆነም ይንገሩ።

ቀጥሎ የእጅ ምርመራው ነው፤ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ይሂዱ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያውን መስመር በውስጥም በውጭም ይጫናል፤ ጉልበቱን አጥፎ እግሩን እያዞረ ይዘረጋዋል፤ ከጤነኛው ጋር ያስተያያል። «ነካክቶ ብቻ ሸኘኝ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ማሽን ከሚልክ ሐኪም ይልቅ ደህና አድርጎ የነካካውን አምናለሁ።

ራጅ ስብራትንና የመገጣጠሚያ መጥበብን ያሳያል፤ ሜኒስከስን አያሳይም። «ራጁ ንጹህ ነው» ማለት ካርቲሌጁ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ካርቲሌጁን የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። በማግኔት ስለሚሠራ ጨረር የለውም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቁ መተኛት ይጠይቃል። የልብ ምት ማስተካከያ፣ የገባ ብረት ወይም ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይትና ፍንጣሪ ካለ አስቀድመው ያሳውቁ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ኤምአርአይ ከተነሡ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይመለሱ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲም ይቀበሉ። ዕድሜዎ ከ50 ካለፈ «ተቀዷል» የሚለው ውጤት አያስደንግጥዎ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት መካከል 61 በመቶው ባለፈው ወር ሕመም እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ስለዚህ ምስሉ ከሕመሙ ጋር መግጠም አለበት።

አርትሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት ነው። ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ለማየት ብቻ አይገባበትም፤ ከመስማማትዎ በፊት «የተቀደደው ቢገኝ ይሰፋል ወይስ ይቆረጣል?» ብለው ይጠይቁ።

ጉልበቱ ግሎ ቀልቶ ትኩሳት ከጨመረ ግን ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል ይቅር። ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ፤ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል።