ቅንድብሽን ወይ ከንፈርሽን ከመነቀስሽ በፊት
ቋሚ ሜካፕ ይባል እንጂ ቋሚ አይደለም፤ የቅንድቡ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዓመት ቆይቶ ይደበዝዛል። ካላማረሽ ግን ታጥበሽ አትገላገዪውም፣ በሌዘር ማስለቀቁም ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ባለሙያ ስትመርጪ ገና እንደተሠራ የተነሳ ፎቶ አያታልልሽ፣ ያን ቀን ሁሉም ያምራል፤ ቁስሉ ድኖ፣ ወር ካለፈው በኋላ የተነሳውን አሳዪኝ በያት። መርፌው እፊትሽ ከእሽጉ ይውጣ። ቀለሙም ለአንቺ ብቻ በትንሽ ዕቃ ይቀዳ፤ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ ስትመልስ ካየሽ ተነሺና ውጪ። እርጉዝ ከሆንሽ ይቆይ። ጠባሳሽ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ (መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚ)። ከንፈርሽ ላይ ምች የሚወጣብሽ ከሆነም እንደዚያው፣ መርፌው ሊቀሰቅሰው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቁር ብሎ ቢታይሽ አትደንግጪ፣ እየፈዘዘ ይመጣል። ቅርፊቱን ግን በጥፍርሽ እንዳታነሺው፤ ቀለሙን ይዞ ይነሳል።